ለእጅ ቦታ ያላት ባቡር

ታላቅ ወንድሜ ባቡሯን መሥራት የጀመሩት ዓይናቸው እየጠፋ መሆኑን ሐኪም ከነገራቸው በኋላ ነው። በሰፈራችን ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ያወራዋል፤ ብረት ሲበይዱ ዓይናቸው ጠፋ ይባላል። እንዲያ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ሐኪሙ ሲነግራቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

"የዓይን ግፊት ነው" አላቸው። "የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታውን ሳያቋርጡ ያድርጉ።"

"የቀረው እስከ መቼ ያደርሰኛል?" ብለው ጠየቁት።

ሐኪሙ የመድኃኒት ማዘዣውን ጽፎ ሰጣቸው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ወረታን አልፎ የደብረ ታቦርን ዳገት እስኪይዝ ድረስ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንድ ነገር በእጄ ሠርቼ በራሱ ጉልበት ሲንቀሳቀስ ባይ ይበቃኛል" አሉ።

"ምን?" አልኳቸው።

"ባቡር።"

በዜና ሥራ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሰው ክፉ ነገር በሰማበት ሰዓት የሚናገረውን እሰማለሁ እንጂ ወዲያው አላምንም፤ ሲያድር ይለወጣል። የወንድሜ ቃል ግን ሲያድርም ሲከርምም አልተለወጠም።

ወንድሜ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ በልጅነቴ አንቱ ያልኳቸው ዛሬም አንቱ ናቸው። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ አንድ ወር ሲዘጋ፣ ስልኩም እንደዚያው ሲሆን፣ እኔ እንደ ድሮው ከከተማ ከተማ እየዞርኩ መሥራት አልቻልኩም። የእሳቸውን ጓሮ ክፍል ይዤ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፈው።

የባቡሯ ሐሳብ የመጣው ከአንድ መጽሐፍ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በትምህርት ቤቱ ያስተምር የነበረ እንግሊዛዊ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው የሄደ፣ ሥዕልና ልኬት የሞላበት መጽሐፍ ነው። በውስጡ ያሉት ባቡሮች የተሠሩት የእኛው ንጉሥ ደብዳቤ ልከው መልስ ባጡባት ንግሥት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር አንዱ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ከሌሎቹ ሁሉ አስፍቶ ዘርግቶ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ረጅም ሰው ቢጋደም ቦታ ይተርፈዋል። በዋናው መስመር ላይ ትልልቆቹ ባቡሮች ይሮጣሉ። ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ገጠር ከተማ በሚገባው ቅርንጫፍ መስመር ላይ ግን የሚሠሩት ትናንሾቹ ነበሩ። ትንሿ ባቡር ውሃና ከሰል የሚጭን ተከታይ ጋሪ የላትም። የውሃ ታንከሯን በራሷ ጀርባ ላይ፣ ከሰሏን ከነጂው ኋላ ተሸክማ፣ ሁለት ሦስት ፉርጎ ጎትታ ስትመላለስ ትውላለች። በኋላ ሰፊው ሐዲድ ተሸነፈ። መስመሩ ሁሉ ጠበበ፤ በሰፊው ላይ ካልሆነ መሄድ የማይችሉት ባቡሮች፣ ትልቁም ትንሹም፣ ሜዳ ላይ ተደርድረው ለቁርጥራጭ ተሰባበሩ።

"ይኸ ሁሉ ባቡር እያለ ለምን የጠፋችውን መረጡ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጠባቧን ብሠራ እጄ በመንኮራኩሮቹ መካከል አይገባም" አሉ። "ይቺ ሆዷ ሰፊ ነው። ዓይኔ እምቢ ሲል በእጄ ገብቼ እጨርሳታለሁ።"

ይህን የተናገሩት ሰው ለክረምት ማገዶ ስለመሰብሰብ እንደሚናገረው ነው። አስበው፣ አስልተው ጨርሰውት ነበር።

በሐዲዶቹ መካከል አንድ ክንድ እንዲሆን ወሰኑ። ርዝመቷ ከበር ቁመት ጥቂት ያንሳል። ከፊት ሁለት ትናንሽ፣ ከኋላቸው አራት ትልልቅ መንኮራኩሮች አሏት። መንኮራኩሮቹን የቀድሞ ባልደረቦቻቸው በትምህርት ቤቱ ቶርኖ ማሽን ቀርጸው አወጡላቸው። እንፋሎት ገብቶ መንኮራኩሮቹን የሚያዞርባቸውን ሲሊንደሮች ከጭነት መኪና ፍሬን ሠሩ። ውሃ የሚፈላበት ማሞቂያ ግን ከየት ይምጣ? እንፋሎት የሚችል ወፍራም መዳብ ደብረ ታቦር ውስጥ ማን አለው?

ሐጂ ነበራቸው። ሐጂ ከገበያው አጠገብ አሮጌ ብረትና የቤት ዕቃ የሚሸጡ፣ ከወንድሜ ጋር አብረው ያደጉ ሰው ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ ሰላምታ አይጨርሱም። ሐጂ ከተዘጋ ካፌ የገዙት አሮጌ የማኪያቶ ማሽን ነበራቸው፤ ሆዱ ሙሉ የመዳብ በርሜል ነው፤ የግፊት መለኪያ ጌጁና ግፊት ሲበዛ የሚተነፍሰው ቫልቩ ሳይቀር አብሮት አለ።

"ምን ልታደርገው ነው?" አሉ ሐጂ።

"ባቡር።"

"ሱብሃነላህ! የመዳብ በርሜል፣ የመዳብ ቱቦ፣ ከሥሩ እሳት። አንተ ሰውዬ እኔን አታሞኝ፤ አረቄ ልታወጣ ነው።"

"ባወጣስ? ላንተ እንደሁ አልሰጥህም፣ ሐራም ነው።"

"እሱን አውቄ ነው የምተውልህ። ኃጢአቱን ተሸክመህ ሂድ።"

በርሜሉን ባጃጅ ላይ ጭነን ስንሄድ ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው "አረቄ ነው! ለፖሊስ እናገራለሁ!" እያሉ ይጮሁ ነበር። ወንድሜ እስከ ቤት ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

ሥራው ከታሰበው በላይ ዘገየ። መብራት ሲኖር ብየዳ አለ፤ ሲጠፋ የለም። በወር በዓል ደግሞ ብረት አይቀጠቀጥም። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለሆነ ጎረቤቶቻችን ገበሬዎች ናቸው፤ በማርያም ወይም በባለወልድ ዕለት መዶሻ ከተሰማ በረዶ ይወርዳል፣ እህሉን ይመታዋል ይላሉ። አንድ የሚካኤል ዕለት ወንድሜ ረስተው መዶሻ አነሡ። ከአጥር ማዶ ያሉ ባልቴት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"መምህር" አሉ፣ "ገብሴ ገና እሸት ነው።"

ወንድሜ መዶሻውን አስቀምጠው "ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ" አሏቸው። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ "እሳቸው ለገብሳቸው ይፈራሉ፣ እኔ ለዓይኔ እፈራለሁ" አሉ። "የማናችን ቀድሞ የሚመታ ይመስልሃል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ።"

"ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ፤ የሚጠቅም ነገር ስትጠየቅ አታውቅም።"

የዓይን ግፊት የሚያጠፋው ከዳር ጀምሮ ነው። በቀጭን ቧንቧ ውስጥ እንደማየት ይሆናል፤ ከዚያ ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል። ወንድሜ በራችን ላይ ቆመው የጉናን ጫፍ ያያሉ፤ እግራቸው ሥር ያለውን በርጩማ አያዩም፤ ይደናቀፋሉ። ጠብታው ሲገኝ መጥበቡ ይዘገያል። ጠብታው የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው። መንገዱ ሲዘጋ ጠብታ የለም። አንዴ ለረጅም ጊዜ ተዘጋና፣ ሲከፈት ብርሃናቸው በጣም አንሶ አገኘነው። እኔ መንገድ መዘጋቱን በዜና ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ "ኅብረተሰቡ ለችግር ተዳርጓል" የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላውቅም። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም። ግን ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ጎድጓዳ ሳህን ሲፈልጉ በእጃቸው ጠረጴዛውን መዳበሳቸው በዚያ ውስጥ የለም።

የወንድሜ ሚስት፣ እኔ "እትዬ" የምላት፣ መድኃኒቱ ሲታጣ ወደ ጸበል ዞረች። መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር ወደ ወረታ ወርዳ፣ ከዚያ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ወንዛዬ ትሄዳለች። የወንዛዬ ውሃ ከመሬት የሚፈላ ነው፤ ወገብ የያዘው፣ ቁርጥማት ያለበት፣ ቁስል ያስቸገረው ሁሉ ሲታጠብበት ይከርማል። እሷ በጀሪካን እየሞላች ታመጣለች። ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ ወንድሜን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ዓይናቸውን ታጥባቸዋለች፤ ጥቂትም ታጠጣቸዋለች።

"እንዴት ነው ዛሬ?" ትላቸዋለች።

"ይሻላል" ይላሉ።

"እንዴት ይሻላል? ይንገሩኝ እስቲ።"

"ፊትሽ ይታየኛል።"

"ምን ይመስላል?"

"እንደ ድሮው የሚቆጣ ይመስላል።"

እሷ ትስቃለች። ፊቷ ይታያቸው እንደነበርና እንዳልነበር አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም።

የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በግቢያችን ውሃ ሁሉ በእትዬ እጅ ነው። የትኛው ጀሪካን ለምግብ፣ የትኛው ለልብስ፣ የትኛው ለእንስሳ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የባቡሯንም ታንከር የምትሞላው እሷ ነበረች። ማሞቂያዋ ውሃ እንዳታንጠባጥብ ለመፈተን ወንድሜ በየጊዜው እሳት ያነዱባት ነበር፤ መንኮራኩሮቹ ገና አልተገጠሙም፤ በርሜሉ ብቻ ይፈላል፣ ጌጁ ይነሣል፣ ከአንዱ መጋጠሚያ እንፋሎት ፉጭ ይላል፤ ቦታውን በጣታቸው ፈልገው ምልክት ያደርጋሉ፣ በማግሥቱ ይደፍኑታል። ለመዳብ የሚሆነው የብየዳ ጋዝ በዚያ ወቅት ከተማ አልገባም ነበር። ስለዚህ የእሳቱን ሙቀት በበርሜሉ ውስጥ የሚያሳልፉትን ቱቦዎች ያያያዟቸው ሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ሊድ ነው። "ሊድ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል" አሉኝ። "ውሃው እስካልተለየው ድረስ ግን አይሞቅም። ውሃ ይጠብቀዋል።" ይህን ፈተና ደጋግመው አደረጉ። በየጊዜው እትዬ ጀሪካኗን ይዛ መጥታ ታንከሩን ትሞላለች፣ ውሃው ይፈላል፣ ተንኖ ያልቃል።

መንኮራኩሮቹ ተገጥመው፣ ሐዲዱ ከአንግል ብረት ተቆርጦ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ከበሩ እስከ ጓሮው ሲዘረጋ፣ የወንድሜ ግራ ዓይን ጨርሶ ሄዶ ነበር። በቀኙ የቀረላቸው ሳንቲም የምታህል ብርሃን ናት። በዚያች ውስጥ ምን ሊገባ እንደሚችል ስንሞክር አንድ ከሰዓት አሳለፍን። በርጩማቸውን ከሐዲዱ አጠገብ እናስቀምጣለን፣ ጎንበስ ይላሉ፣ "ትንሽ ወደ ግራ፣ ራቅ አድርጉኝ፣ አሁን ቀረብ" ይላሉ። በመጨረሻ በቀኝ በኩል ካሉት ትልልቅ መንኮራኩሮች አንዱ በሳንቲሟ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ አገኘን። መዞሩ እንዲለይላቸው ከመንኮራኩሩ እምብርት ወደ ጠርዙ ከሚዘረጉት ዘንጎች አንዱን ነጭ ቀለም ቀባሁት።

"ነጩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ካየሁ" አሉ፣ "ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር የወደደውን ያድርግ።"

ቀኑን የመረጠችው እትዬ ናት፤ በዓል የሌለበት ቀን። ሐጂ አንድ ጆንያ ከሰል ይዘው መጡ።

"ከሰሉ ለመጀመሪያው አረቄ ይሁንልህ" አሉ ለወንድሜ።

"ዝም ብለህ ቁጭ በል። ተሳፋሪ ነህ።"

"ትኬት አልቆረጥኩም።"

"ሽማግሌና አህያ በነፃ ነው።"

"አህያውስ የታለ?" አሉ ሐጂ ዙሪያቸውን እያዩ፤ ከዚያ "አሃ" ብለው ጭናቸውን መቱ።

እትዬ ታንከሩን ሞላች። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና የሆነ ነገር እያጉተመተመች ነበር፤ ጸሎት መስሎኝ ወደ ጌጁ ዞርኩ። ከሰሉ ተያያዘ። እኔ ጌጁን እያየሁ እናገራለሁ፤ ወንድሜ በርጩማቸው ላይ ጎንበስ ብለው ነጩን ዘንግ እያዩ ይሰማሉ። መርፌው ተነሣ። ከቀድሞ ፈተናዎች ዘግይቶ ተነሣ፤ በኋላ ነው ይህን ያስተዋልኩት። ወንድሜ ያሉት ምልክት ላይ ሲደርስ "ደርሷል" አልኩ።

"ክፈተው።"

እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር የሚለቀውን እጀታ ሳብኩ። ምንም የለም። ዳር ድረስ ሳብኩት። ከበርሜሉ ውስጥ የሚንገጫገጭ ድምፅ እሰማለሁ፣ መንኮራኩሩ ግን አልተነቃነቀም።

"ክፈተው እኮ።"

"ተከፍቷል ጋሼ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

ወንድሜ ዓይናቸውን ከነጩ ዘንግ አላነሡም። ቅንድባቸው ላይ ላብ ወርዶ ዓይናቸው ውስጥ ሊገባ ሲል በእጃቸው ጠረጉት፣ ፈጥነው ተመልሰው ጎነበሱ። የሚያመልጣቸው መስሏቸው ነው። እትዬ "በስመ አብ" አለች። ከዚያ መንኮራኩሩ ዞረ። ነጩ ዘንግ ቀስ ብሎ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች ወረደ። እትዬ እልል አለች። እኔ ቀና ስል ሐጂን አየኋቸው፤ ከባቡሯ ኋላ ተንበርክከው በሁለት እጃቸው እየገፉ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በል አሉኝ።

እኔ ከመናገሬ በፊት ወንድሜ ተናገሩ።

"ሐጂ፣ እጅህን አንሣ።"

ሐጂ መግፋታቸውን ቀጠሉ።

"አልተነፈሰችም" አሉ ወንድሜ። "በእንፋሎት የምትሄድ ከሆነ ትተነፍሳለች። እጅህን አንሣ ወንድሜ፤ ትቃጠላለህ።"

ሐጂ እጃቸውን አነሡ። ባቡሯ ቆመች። ወዲያው ከሥሯ ትልቅ ፉጨት ተሰማ፤ ውሃ እሳቱ ላይ ወረደ፤ ግቢው በአመድና በእንፋሎት ነጭ ሆነ። ወንድሜን ከበርጩማው ጎትቼ አራቅኋቸው። እንፋሎቱ ሲገለጥ ከሰሉ ሁሉ ጠፍቶ፣ ከማሞቂያዋ ሥር ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። እትዬ እልልታዋን መሐሉ ላይ አቁማ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ቆማለች።

በማግሥቱ እትዬ ገበያ ስትሄድ ማሞቂያዋን ከፈትን። ወንድሜ በመንኮራኩሮቹ መካከል ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገቡ። ሲሠሯት እንዳሰቡት ነው፤ እጅ ይገባል። ለረጅም ጊዜ በውስጥ ሲዳብሱ ቆዩ። ሁለቱ የታችኛዎቹ ቱቦዎች ሊዱ ቀልጦ ከመጋጠሚያቸው ለቀዋል። ወደ ሲሊንደር የሚሄደው ቀጭን መንገድ ተደፍኗል። እጃቸውን ሲያወጡ መዳፋቸው ላይ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሆነ ነጭ ስብርባሪ ነበር።

"ኖራ ነው" አልኩ። "በቱቦዎቹ ላይ ተጋግሮባቸዋል። ውሃው መዳቡን መንካት አልቻለም፤ ለዚህ ነው የጋለው።"

"ከየት የመጣ ኖራ?" አሉ። የከተማው ውሃ እንዲህ አያደርግም። ስብርባሪዋን በጣቶቻቸው ፈጩት፤ አሸተቱት፤ ከዚያ ምላሳቸው ላይ አደረጉት። በአፋቸው ውስጥ ሲያሟሟት ፊታቸውን አየሁ። ስንት ጠዋት የጠጡትን ጣዕም ማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"ወንዛዬ" አሉ።

ከአጥር ማዶ ሰው በበሬዎቹ ላይ ሲጮህ ይሰማል።

"ለእኔ የምታመጣውን ነው ባቡሯን የምታጠጣት" አሉ። "በየፈተናው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ለእሷ ሁለታችንም በሽተኞች ነን።" ነጩን ነገር በመሬት ላይ ጠረጉት። "አትንገራት።"

"ብትጠይቀኝስ?"

"ሊዱ ቀለጠ በላት። ሐሰት አይደለም። የእኔ ብየዳ ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው።"

እትዬ ከገበያ ስትመለስ ጓሮ ባለችው ክፍሌ በር ላይ አገኘችኝ። ዘንቢሏን እንኳ አላወረደችም።

"ምን አገኛችሁ?"

"ሊዱ ቀልጦ ቱቦዎቹ ለቀቁ።"

"ሌላስ?"

"የእንፋሎቱ መንገድ ተደፈነ።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረች።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ ወንድሜ። ጸበሉን ለሁለት ከፈልኩት። ለእሳቸው ያመጣሁትን ለብረት አካፈልኩ። እሷ ከተንቀሳቀሰች ደስ ይላቸዋል፣ ደስ ሲላቸው ይድናሉ ብዬ። ቢበቃቸው ኖሮ... ሙሉውን ለዓይናቸው ባፈሰው ኖሮ ይታያቸው ነበር። አጎደልኩባቸው።"

ስለ ኖራው ምንም አልጠረጠረችም። ወንድሜ ሊሰውሩባት የፈለጉት ጥፋት አልደረሰባትም፤ እሷ ግን ራሷ ያገኘችው ሌላ፣ ከዚያ የከፋ ጥፋት ይዛ ከርማለች። ይህን ደግሞ ከእሷ ላይ ማንሣት የምችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር።

"እትዬ፣ ውሃው አይደለም" አልኳት። "ሙሉውን ብታፈሺም ያው ነበር። ሐኪሙ የነገረንን ሰምቻለሁ። የዓይን ግፊት በውሃ አይመለስም። ያጎደልሽው የለም።"

ሐዘኗን የሚያቀል መስሎኝ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት መቅለል አይደለም።

"እንዲያ ከሆነ" አለች፣ "ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስናደርግ ነበር?"

ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ወንዛዬ አልሄደችም። ወንድሜ ለጥቂት ቀን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥተው ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። አልመጣችም። ለምን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። እኔም ያልኳትን ለእሳቸው አልነገርኩም። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳችን ሌላው የማያውቀውን ይዘን፣ አንድ ገበታ እንቀርባለን።

ለማደስ የሚያስፈልገው አዲስ ቱቦና የብየዳ ጋዝ ነበር። ሁለቱም ደብረ ታቦር የሉም። ሐጂ በነጋዴ በኩል ባሕር ዳር ላኩ። መንገዱ ተዘጋ። ሐጂ እብናት ያሉ ሰዎችን ጠየቁ፤ እዚያም የለም። ክረምቱ ገባ። ባቡሯን ላስቲክ አለበስናት፤ ዝናቡ በሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር አጥቦ አንዱን ወገን አዘቀዘቀው። ወንድሜ በቀኝ ዓይናቸው ስለቀረችው ብርሃን አይናገሩም፤ እኔ ግን የምለካበት ነበረኝ። በርጩማቸውን ራሳቸው አንሥተው ያን ቦታ ፈልገው ይቀመጡና፣ ላስቲኩን ገልጠው፣ ነጩን ዘንግ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ላይ ያገኙታል። እየቆየ ፍለጋው ረዘመ። አንድ ቀን ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው በእጃቸው ዘንጉን ዳብሰው አገኙት፣ ላስቲኩን መልሰው አለበሷትና ተነሡ።

"ዓይኔ ዘጋ" አሉኝ።

ቱቦዎቹ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ ሲከፈት ሐጂ ጭነት መኪናው እስኪራገፍ እንኳ አልጠበቁም፤ ቱቦዎቹን ከነጋዴው ተቀብለው በትከሻቸው አድርገው፣ እያለከለኩ መጡ። ጋዙም ከተማ ገብቷል አሉ፤ የሚበይድ ሰውም አናግረዋል።

"ነገ እንጀምር" አሉ። "ያኛው ውሃ እንዳይሆን፣ እኔ ራሴ የዝናብ ውሃ አጠራቅሜያለሁ።" ስለ ኖራው ወንድሜ ነግረዋቸው ኖሯል።

ወንድሜ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። "ተወው ሐጂ" አሉ።

"ምን ተወው? ይኸን ሁሉ ለፍተህ?"

"ሳያት ነበር የፈለግሁት።"

"ትሰማታለህ እኮ! ስትተነፍስ ትሰማታለህ። አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው፣ ትተነፍሳለች ብለህ?"

"ድምፅ ከሆነ ወፍጮ ቤት አለ" አሉ ወንድሜ። "ሄጄ ደጁ ላይ ብቀመጥ ቀኑን ሙሉ እሰማለሁ።"

ሐጂ ሊስቁ ሞከሩ፤ ቀልድ እንዲሆን ፈልገው ነበር። ወንድሜ ግን እየቀለዱ አልነበረም። ተነሥተው ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ወደ ቤት ገቡ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ንገራቸው" አሉኝ። ከወንድሜ ጋር አንተ የሚባባሉት ሐጂ፣ ከእኔ ጋር ሲያወሩ ስለ እሳቸው አንቱ ይላሉ። "አንተን ይሰሙሃል። ለልጆች ይሆናል በላቸው፣ ለከተማው ማስታወሻ ይሆናል በላቸው። የሆነ ነገር በላቸው።"

የምላቸውን ፈለግሁ። እውነት የሆነ፣ ሊሰሙት የሚችሉት አንድ ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም፤ አላገኘሁም ብዬም ለሐጂ ነገርኳቸው። እሳቸው ጥቂት ጊዜ በላስቲኩ ላይ እጃቸውን አድርገው ቆሙ። ከዚያ ቱቦዎቹን እንደገና ትከሻቸው ላይ አነሡና፣ ጫፉ በሩን እንዳይመታ ጎንበስ ብለው ወጡ።

ከቤት ውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

"ሄደ?"

"ሄዱ ጋሼ።"

"ቱቦውን ይዞ?"

"ይዘው ሄዱ።"

"ደግ አደረገ" አሉ።